የአባቴ ለቅሶ በሰው ስልክ ውስጥ

ወንድሜ የሐዘን ጺሙን ከአርባው በፊት ሲላጭ መስታወቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ዓይኔ ወደ በሩ እየሄደ መስታወቱን ቀጥ አድርጌ አልያዝኩለትም። «ኧረ አንች፣ ጉሮሮዬን ታስቆርጭኛለሽ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ አልሳቅኩለትም። በእኛ አገር አባቱ የሞተበት ወንድ ፀጉሩንና ጺሙን ያሳድጋል፤ ቢያንስ እስከ አርባው ምላጭ አያስነካም። በዚያ ሰሞን ግን ፀጉሩ የተንጨባረረ ጎልማሳ ሲያይ «አባቱ ሞቶበት ይሆናል» ብሎ የሚያልፍ ፈታሽ አልነበረም፤ ጫካ የገባ ታጣቂ ነው የሚመስለው። ወንድሜ ደግሞ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወረታና በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። እንጀራው ያለው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው ደግሞ ፍተሻ ነው።

ጺሙ ብቻ ቢሆን በምላጭ ተገላገልን ማለት ነበር። ያስፈራን ቪዲዮው ነው።

አባታችን ከገሳይ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ገብስ ሲያርስ ኖሮ፣ ታሞ አልጋ ላይ ሰንብቶ ያረፈ ገበሬ ነው። በሰው ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ወፍና ዝንጀሮ ገብሱ ላይ ሲመጣበት ወንጭፍ ይወነጭፍ ነበር፤ እሱንም አብዝቶ ይስት ስለነበር እናቴ «ዝንጀሮው ለምዶሃል» እያለች ትቀልድበት ነበር። ለቅሶው ላይ ግን ሌላ ሰው ነው የተለቀሰው። በእኛ በኩል ወንድ ሲለቀስ ልብሱና በትሩ ይወጣል፤ መሣሪያውም ይወጣል፤ አልቃሿም እሱን እያየች ትገጥማለች። አባቴ መሣሪያ አልነበረውም። «እንዴት ነው እሱን የመሰለ ሰው ባዶ እጁን የምንሸኘው?» ብለው የተቆጡት ጎረቤታችን ናቸው፤ የቀበሌው ሚሊሻ ነበሩ። ገብተው የራሳቸውን ክላሽ አመጡና ለወንድሜ አስያዙት። ወንድሜ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ክላሹን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እያለቀሰ አስከሬኑን ዞረ። አልቃሿም እንዲህ አለች፦

ደጋ ላይ ሲተኩስ ቆላ የሚሰማ፣
ምነው ዝም አለሳ፣ ያ ያገሩ ግርማ።

በልቤ «አባዬ ይሄን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር» አልኩ፤ መሞቱ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እንደ እብድ ጮኽኩ። እዚያ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ክላሹ የማን እንደሆነ ያውቃል። አባቴ ተኩሶ እንደማያውቅም ያውቃል። ማንም ግን «ውሸት ነው» አላለም፤ ምክንያቱም ውሸት አይደለም። ለሟች የሚሰጥ ክብር ነው፤ ለሌለው ሰው ከጎረቤት ይዋሱለታል። ይህን ለማወቅ ግን እዚያ ሜዳ ላይ መቆም ያስፈልጋል።

ታናሽ እህታችን አልቆመችም። ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። እርሟን ታውጣ ተብሎ የአክስቴ ልጅ ለቅሶውን በስልኩ ቀረጸላት። ያኔ እኛ ጋ የስልክ ዳታ ተዘግቶ ስለነበር ቪዲዮው በሜሞሪ ካርድ ባሕር ዳር ወርዶ፣ ከዚያ ተላከላት። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ፣ ድምፅዋን በውሃው እየሸፈነች እንዳየችው ኋላ ነግራኛለች። ከዚያም «አባቴን አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ» ብላ በገጿ ላይ ለጠፈችው። በእኛ አገር የሐዘን ቤት በሩ አይዘጋም፤ መንገደኛውም ቢሆን ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። እሷም በሯን መክፈቷ ነበር። እስከ ዛሬ የማን እንደሆነ የማናውቀው አንድ ገጽ ቪዲዮውን ወሰደው፣ ቆራረጠው፣ የእህቴን ጽሑፍ ጣለና «ጀግናው ተሰዋ፤ ልጁ የአባቱን መሣሪያ ተረከበ» የሚል ጻፈበት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ እኛ የሰማነው ሌላው ሁሉ አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። የነገረኝ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ሞባይል የሚሸጠው ሙስሊሙ ጎረቤታችን ነው። ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ወርዶ አይቶት፣ ቪዲዮውንም ከስሩ የተጻፈውንም ስልኩ ላይ አስቀርቶት ነበር። ወደ ሱቁ አስጠራኝና የብረት በሩን በግማሽ ዘጋው። ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ስልኩን አወጣ።

«ቲቸር፣ ወላሂ ክፉ ወሬ ማምጣት አልወድም» አለና ድምፁን አጥፍቶ አሳየኝ።

ወንድሜን አየሁት። ከስሩ ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ። ግማሹ ይመርቀዋል፣ ግማሹ «እናገኝሃለን» ይለዋል፤ የቱ እንደሚያስፈራ መምረጥ አቃተኝ። ከሁሉም በታች አንድ ሰው «ይሄ ልጅ የታቦር መስመር ሹፌር አይደል?» ብሎ ጠይቋል። እስከዚያ ማንም አልመለሰለትም ነበር። ሱቁ ውስጥ ካለ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቴ አንድ ብቻ ሆነ፦ ያን ጥያቄ አንድ ሰው ይመልሰዋል፣ ከዚያ ወንድሜን ይወስዱታል።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ከልጅነቴም ነበርኩ። «ፈሪ ለናቱ» የሚለውን ተረት ሰው ለስድብ ይለዋል፣ እኔ እንደ ምርቃት ነው የምሰማው። ሥራዬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ኢንተርኔት በተዘጋበት ከተማ ስለ ኢንተርኔት ማስተማር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፦ ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ትስሉና «ልጆች፣ ይሄ ድረ ገጽ ነው» ትላላችሁ። ተማሪዎቼ አራት ማዕዘኑን በጥንቃቄ ይገለብጡታል። እኔም ጠመኔዬን ይዤ፣ በዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ወንድሜ ክላሽ ይዞ እንደሚዞር እያሰብኩ ቆሜ እቀራለሁ።

ወንድሜ «ለምን እውነቱን አንናገርም? ክላሹ የመንግሥት ነው፣ የሚሊሻ ነው እንበላቸው» አለ። እውነቱ እንዲህ ቀላል ነበር። ክላሹን ያዋሱት የመንደሩ ጎረቤታችን ግን ወሬውን ሰምተው ገና በማለዳው ከች አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አባቴን ያስታመሙትም እሳቸው ናቸው። ወንበር ብናቀርብላቸው አልቀመጥ አሉ።

«ልጆቸ፣ ስሜን አታንሱብኝ» አሉን። «መሣሪያ አዋሰ ቢባል በዚህ በኩል ይነጥቁኛል፣ ያስሩኛል። በወዲያ በኩል ደሞ ሚሊሻ መሆኔ በስልክ ከታየ ቤቴን ያነዱብኛል። ምን ላርግ? ለአባታችሁ ክብር ብየ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እናውቃለን፤ አይስጉ» አለ ወንድሜ። ሲወጡ እናቴ እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ተመልሳ «ዝም አይነቅዝም» ብላ ጨረሰችው። ወንድሜን የሚያወጣው እውነት ጎረቤታችንን የሚያስገባ ሆነ። ወንድሜ «መኪናዋ ታማለች» እያለ ሚኒባሷን ግቢ ውስጥ አቆማት። እናቴ ስለ ቪዲዮው ነገሩን ሰማች እንጂ አላየችውም፤ እኛም አላሳየናትም።

ቪዲዮውን ለማስወረድ ኢንተርኔት ያለበት መሄድ ነበረብኝ። ለመንገድ ስልኬን ባዶ አደረግሁት፤ የአባቴን ፎቶ ሁሉ ሳይቀር አጠፋሁ። ሞባይል ሻጩ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ባዶ ስልክማ ይበልጥ ያስጠረጥራል፣ ምን አጥፍተሽ ነው ይሉሻል» ብሎ መዝሙርና የሠርግ ዘፈን ጫነልኝ። ከየት አመጣኸው ስለው፣ «ወላሂ ከዲያቆኑ የበለጠ መዝሙር ነው ያለኝ፤ ለመንገደኛ ሁሉ የምጭነው እኔ ነኝ» አለኝ። በዚያ ሰሞን የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባሕር ዳር አንዲት የማውቃት ልጅ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ቪዲዮው ለተለጠፈበት ድረ ገጽ ኩባንያ አቤት አልኩ። ገጹ የአቤቱታህን ዓይነት ምረጥ ይላል፦ ስድብ፣ ጥላቻ፣ ማጭበርበር፣ እርቃን። ለቅሶ የሚል የለም። በአማርኛ ጻፍኩ፤ ቪዲዮው ደንባችንን አልጣሰም የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ ሰው ሊያነበው በሚችልበት ፍጥነት አልነበረም። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አሁን ሰው ያየው መሰለኝ፤ የያዘው መሣሪያ የእሱ ካልሆነ የማን እንደሆነ፣ ጽሑፉ ሐሰት ስለመሆኑ ምን ማስረጃ እንዳለኝ ጠየቀኝ። «መሣሪያው የ…» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ይህን የሚያነበው ማን ነው? የት አገር ነው የተቀመጠው? ለማን ያሳየዋል? የጎረቤታችን ፊት መጣብኝ። የጻፍኩትን ደምስሼ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። እህቴም ደንግጣ የራሷን ገጽ አጥፍታው ስለነበር፣ ቪዲዮው የአንዲት ልጅ ሐዘን እንደነበር የሚያሳየው ብቸኛው ነገር አብሮ ጠፍቷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ዛሬ አፋፉ የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው ስለ አንድ ስብሰባ የነገሩኝ። ስለ ኢንተርኔት አስተዳደርና ስለ ሰብዓዊ መብት የሚመክር ነው፣ የኩባንያው ሰውም በስክሪን ትገኛለች አሉኝ። እኔ የኢንተርኔት አስተዳደር ሲባል የሽቦና የቁጥር ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ሄድኩ። አዳራሹ ምንጣፍ አለው፣ ውሃው በጠርሙስ ነው፣ ሰዉ ሁሉ አንገቱ ላይ ስሙን አንጠልጥሏል። እኔ የእኔን ገልብጬ አንጠለጠልኩት። አንዱ ተናጋሪ «ሰው በመንገድ ላይ ያለው መብት በኢንተርኔትም ላይ ሊከበርለት ይገባል» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔ መንገድ ላይ ያለኝን መብት ከደብረ ታቦር እስከዚያ ስመጣ አይቼው ስለነበር አላጨበጨብኩም።

ዕድል ሲሰጠኝ ግን ተነሣሁ። ሰብሳቢው «ስብሰባው በቀጥታ እየተላለፈ ስለሆነ ስምዎንና የመጡበትን ይንገሩን» አለኝ። «ካሜራው ካልዞረ አልናገርም» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ መምህሬ ግን ተነሥተው ራሳቸው ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ያኔ ተናገርኩ። በእኛ አገር ለሟች መሣሪያ ይወጣል፣ የሌለው ይዋሳል፣ ሙሾ ደግሞ ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል አይደለም አልኩ። «ለቅሶ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው በለቅሶአችን ላይ እንዴት ይፈርዳል? እውነቱን እንድጽፍላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ ብጽፍላችሁ ለማን ነው የምትሰጡት?»

በስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት በትዕግሥት ሰማችኝ። መልሷን አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «የሰጡንን መረጃ በጥብቅ እንጠብቃለን፤ በሕግ ስንጠየቅ ግን…» እኔ «ግን» የሚለው ላይ ተቀመጥኩ። የቀረውን መስማት አላስፈለገኝም።

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ከስብሰባው በኋላ በመምህሬ በኩል የቪዲዮውን አድራሻ አስጠየቀችኝ፤ የማንንም ስም ሳልጠራ ሰጠኋት። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ቪዲዮው ወረደ። ሞባይል ሻጩ ባሕር ዳር ሆኖ ደወለና «ቲቸር፣ የለም! ፈልጌ አጣሁት፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ተናድጄም ነው። እኔ መምህር ስለነበረኝ፣ መምህሬ አዳራሽ ውስጥ ስለሚገቡ ነው የወረደው። እንዲህ ያለ መምህር የሌለው የገበሬ ልጅ ይህ ቢደርስበት በማን በኩል ይገባል? እንዲህ ያለው ነገር መብት አይባልም፣ ምልጃ ነው። ያም ሆኖ አማላጅ በማግኘቴ አመሰገንኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ወንድሜ ሚኒባሷን አስነሣ። እናቴም ፊቷ ፈታ አለ። ወንድሜ ካልተያዘ ብላ በልቧ አፍና የያዘችው ስለት ነበረና፣ ጣራ ገዳም ሄዳ የአባቴን ስመ ክርስትና ለመነኮሳቱ ሰጥታ በጸሎት እንዲያስቡት ልታደርግ ፈለገች። ከመንደራችን መንገድ ያላቸው ሰዎች አብረው ተሳፈሩ። መቃብሩን የቆፈሩት ሁለቱ፣ ንፍሮውን የቀቀሉት ሴቶች፣ ሁሉም የእኛው ሰዎች ነበሩ። እኔ ከወንድሜ ጎን ፊት ተቀመጥኩ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ከኋላችን ናት።

መንገድ ላይ አስቆሙን። የየትኛው ወገን እንደነበሩ አልጽፍም፤ አሁንም እፈራለሁ፣ ለፍርሃታችንም ልዩነት አልነበረውም። ስልኮቻችንን ልንሰጥ አውጥተን ስንጠብቅ፣ ታጣቂው የእኛን ትቶ የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ። ወንድሜን አየው፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ወንድሜን አየው። ከዚያ ስልኩን በመስኮቱ አስገባው። ለቅሶው ነበር። ከኢንተርኔት የጠፋው ቪዲዮ በሰውየው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ ወንድሜ። በቪዲዮው ላይ ጋቢው ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል።

«ሟቹንስ ታውቀዋለህ?»

ወንድሜ መሪውን የያዘበት እጁ ነጣ። «አላውቀውም።»

«አንችስ?»

«አላውቀውም» አልኩ። ታጣቂው በሩን ከፍቶ ስልኩን በየወንበሩ አዞረው። መቃብሩን የቆፈሩት «አናውቀውም» አሉ። ንፍሮ የቀቀሉት «ኧረ አናውቀውም» አሉ። አንድም ሰው አልተሳሳተም፤ ማንም ሳይመክር ሁሉም አንድ ቃል ተናገረ። መጨረሻ ላይ እናቴ ዘንድ ደረሰ። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለችው። እስከዚያ ቀን አላየችውም ነበር። አልቃሿ «ያ ያገሩ ግርማ» ስትል ተሰማኝ። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም፤ በመስታወቱ ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እስከ መጨረሻው አየችው፤ ታጣቂውም ጠበቃት።

«እማማ፣ ያውቁታል?»

«አላውቀውም ልጀ» አለች እናቴ። ስልኩንም መለሰችለትና «ነፍስ ይማር» አለች።

ለቀቀን። ከፍተሻው አልፈን ጣራ ገዳም ስር ደረስን። ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ በሩን ከፈተላት። እናቴ አልወርድም አለች።

«እማዬ፣ ደረስን እኮ።»

«አባትህን አላውቀውም ብያለሁ» አለችው። «አሁን ገብቸ በምን አፌ ስሙን ልጥራው?»

ለመንናት። «ለእኔ ብለሽ ነው እኮ፣ እግዜር ያውቃል» አላት ወንድሜ፤ መኪናዋን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልሆነም። በመጨረሻ ሻማውንና ዕጣኑን ከእጇ ተቀብዬ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ከዛፎቹ ስር አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠው አገኘሁ። የአባቴን ስመ ክርስትና ነገርኳቸው፤ ቀስ ብለው ደገሙትና «አንቺ ለሟች ምኑ ነሽ?» አሉኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ስልክ ያወጣ ሰው፣ ከዛፉ ኋላ የሚሰማ ይኖር እንደሆነ ፈለግሁ። ማንም አልነበረም።

«ልጁ ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ። መነኩሴው ስላልተሰማቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደገና ጠየቁኝ።